ታላቁን አጥብቂ፣ ታናሹን ልቀቂ

እግር ያለው ሰው ስለ እግሩ አያስብም። እኔም ሰባ ዓመት እስኪያልፈኝ፣ ከመካነ ሰላም ከላላ፣ ከከላላ ወረኢሉ ከብት እየነዳሁ ስመላለስ ኖሬ፣ ስለ እግሬ ያሰብኩት እሾህ ሲወጋኝ ብቻ ነው። እሾኹን አወጣለሁ፣ እግሬን እረሳዋለሁ። እሱም ይረሳኛል። ተረሳስተን በሰላም ኖርን። ዘንድሮ ግን እግር የሚባለውን ነገር በትምህርት አወቅሁትና መራመድ ጠፋኝ። ነገሩን ላጫውታችሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ አንዳንዱ ፊደል እግር ቢጎድለው አትፍረዱብኝ። እግር ያልጎደለው ማን አለ።

የሺ ባለቤቴ ናት። አርባ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። ያለፈው ነሐሴ ከምንጭ ስትመለስ ጭቃው አዳለጣትና የቀኝ ጭኗ አጥንት ተሰበረ። ደሴ ወስደን ብረት አስገቡላት። ብረቱም ያዘ፣ አጥንቱም ገጠመ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና “ድኗል፤ ከእንግዲህ መራመድ ነው” አለ። የሺ ግን አልተራመደችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ ጥጥ ትፈትላለች፣ የተጣላ ጎረቤት ታስታርቃለች። ተነሽ ሲሏት “እግሬ እንቢ ብሏል” ትላለች። እግሯ የኔን አመል የያዘው መቼ እንደሆነ እንጃ።

ልጃችን ዓለሚቱ ደሴ ናት። ዐረብ አገር ሠርታ ተመልሳ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። አንድ ቀን ደወለች።

“አባዬ፣ እማዬ እስከ ፋሲካ ካልተራመደች እኔ ጋ አመጣታለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ግን ቤቱ ሰፊ ነው፣ ፀሐይም ይገባል።”

መራመድ ያቃታትን ሰው ሦስተኛ ፎቅ። “ከዚያስ በምን ትወርዳለች?” አልኳት።

“ለምን ትወርዳለች?” አለችኝ።

ይቺ “ለምን ትወርዳለች” ሆዴ ገብታ ቀረች። እኔ ከብቱንና ማሳውን ጥዬ ደሴ አልሄድም። ብሄድስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን አርሳለሁ? የሺ ከሄደች እዚህ ቤት የምንቀረው እኔና ድመቷ ነን። ድመቷ ደግሞ የምትወደው የሺን ነው፤ እኔን የምትታገሠኝ ለሷ ብላ ነው። ይህን ሁሉ ግን ለማን ይነግሩታል? “እንደፈቀዳችሁ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ለየሺም “ልጅሽ ደሴ ልትወስድሽ ነው” አልኳት፣ ገበያው ዛሬ ቀዝቃዛ ነው እንደሚባለው አድርጌ። እሷም “አሃ” አለችና ምስሯን ለቀመች።

ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ባጃጅ ላይ አውጥቼ ከተማው ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እግር የምታስተምር አንዲት ወጣት አለች አሉን። በእግር ተመርቃ የመጣች ናት። በእግር መሄድ እንጂ በእግር መመረቅ እንዳለ ያን ቀን ሰማሁ። ልጅቱ ትሑት ናት። የየሺን ጭን ነካ ነካ አደረገችና “እናቴ፣ አጥንትዎ ደህና ነው። ጡንቻዎቹ ናቸው መተባበር የረሱት። መራመድ የአንድ ጡንቻ ሥራ አይደለም፣ ደቦ ነው” አለች።

“ደቦው ውስጥ ማን ማን አለ?” አልኩ። ደቦ ከሆነ አውቃለሁ፤ ሥራ የሚጠላው የትኛው እንደሆነ ይታወቅ ብዬ ነው።

ከመሳቢያዋ ሥዕል ያለበት ወረቀት አወጣች። ቆዳው የተገፈፈ እግር ነው፣ ቀይ በቀይ። በእስክሪብቶዋ እያመለከተች አስረዳችን። የጭን የፊት ጡንቻ ሲጠብቅ ጉልበት ይዘረጋል፤ ያን ጊዜ የኋለኛው መላላት አለበት። የኋለኛው ሲጠብቅ ጉልበት ይታጠፋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የፊተኛው ላላ ይላል።

“ሁለቱም እኩል ከጠበቁ እግር ግንድ ይሆናል። እናታችን እንዳይወድቁ ስለሚፈሩ ሁለቱንም አጥብቀው ይይዛሉ። ጉልበቱ የማይታጠፈው ለዚህ ነው።”

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በኛ ቋንቋ ጉልበት መታጠፊያውም ነው፣ ኀይሉም ነው። ልጅ ሆኜ፣ የሰው ኀይል ሁሉ እዚያች የጉልበት ሎሚ ሥር የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር፤ ትግል ስገጥም ቀድሜ የማየው የባላጋራዬን ሎሚ ነው። ሐኪሟ ግን ጉልበት ራሱ አንዳች ጉልበት የለውም አለች። ማጠፊያ ነው፤ የሚዘረጋውና የሚያጥፈው ሌላ ነው። በሰባ ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር መስማት ደስ አይልም።

ቀጠለች። ባት መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል። ቅልጥም ላይ ያለችው ቀጭን ጡንቻ ጣቶችን ቀና ታደርጋለች፤ እሷ ካልሠራች ሰው በሜዳ ላይ ይደናቀፋል። በአንድ እግር በቆምን ጊዜ ደግሞ የዳሌ ጡንቻ ወገባችንን ይይዛል፣ ወደ ጎን እንዳንዘም። “እግር ወደ ፊት ሲወረወር፣” አለች፣ “የጭን የኋላ ጡንቻ መጨረሻ ላይ ያዝ ያደርገዋል። እሱ ባይኖር እግር እንደ ተወረወረ ዱላ ይሆን ነበር።”

“ይኼን ሥራ አውቀዋለሁ” አለች የሺ። “አርባ ሦስት ዓመት ከኋላ ሆኜ ሠርቼዋለሁ።”

ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ነገሩ የገባኝ ባጃጅ ላይ ከወጣን በኋላ ነው።

ለጊዜው ዓይኔ ሥዕሉ ላይ ነበር። በሰፈራችን ለፋሲካ የቅርጫ በሬ ሲታረድ፣ ሥጋውን በየመደቡ የምደለድል እኔ ነኝ። የኔ መደብ አንሷል ብሎ የተጣላኝ ሰው የለም፤ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም አማቴ ነው። ቆዳው የተገፈፈ እግር ካየሁ የብልቱን ስም አላጣውም። “ይኼ ታላቅ ነው” አልኩ የፊተኛውን። “ይኼ የኋለኛው ታናሽ። ይኼ ሽንጥ። ይኼ ያው ቅልጥም።”

“አባባ፣ ሰው እኮ ነው” አለች።

“ሰውም ቢሆን።”

“ከገባዎት ስሙ ምንም ይሁን። በቀን ሦስት ጊዜ ያለማምዷቸው። እጃቸውን ይዘው፣ በላዩም ያበረታቷቸው።”

ማበረታታት ያለችው ነው መዘዙን ያመጣው።

በማግስቱ ጧት የሺን ከአልጋ አወረድኳት። ሁለት እጇን ይዤ፣ እኔ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ፣ እሷ ወደኔ። “በይ እንደ ድሮሽ ተራመጂ” ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ድሮዋን አላውቀውም። በኛ አገር ባል ከፊት ነው የሚሄደው፣ ሚስት ከኋላ። ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ለቅሶ፣ ዕድሜ ልካችንን እንዲያ ነው የሄድነው። እደርሳለሁ፣ ዞር እላለሁ፣ ደርሳለች። በምን ዓይነት እርምጃ እንደደረሰች አይቼ አላውቅም። የአርባ ሦስት ዓመት ሚስቴ ስትራመድ ምን እንደምትመስል አለማወቄን፣ መራመድ ካቃታት በኋላ አወቅሁት።

“ቀኝሽን ነው ግራሽን የምታስቀድሚው?” አልኳት።

“አሁን ገና ጠየቃችሁኝ?” አለች። የሺ ከተጋባን ጀምሮ፣ እንደ አገራችን አነጋገር፣ አንቱ ነው የምትለኝ። ስትቆጣኝም በአንቱታ ነው፤ እሱ ደግሞ የባሰ ያማል።

ስለዚህ በትምህርቴ ገባሁ። “ታላቁን አጥብቂ። ታናሹን ልቀቂ። ሽንጡን ያዢ። ቅልጥሙን አንሺ።” ድምፄ ከበሬ ጋር ስነጋገር የኖርኩበት ነው፣ ቀስ ማለት አያውቅም። የሺም አራት እርምጃ ትሄዳለች፣ ከዚያ ትደርቃለች። እኔም ድምፄን ጨመር አደርጋለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ዋልን።

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት የነፍስ አባቴ መምሬ ናቸው። በአራተኛው ቀን መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። እንዴት አደራችሁ ሳይሉ ግቢውን ዞሩ፣ ከጎተራው ኋላ አዩ፣ አየሩን አሸተቱ።

“የት ነው?” አሉ።

“ምኑ አባቴ?”

“በሬው።”

“ሁለቱም በረት ናቸው።”

“ሁለቱም በነፍስ አሉ?”

“ሣር ይበላሉ።”

“እንግዲያ በሁዳዴ የማንን ታላቅና ታናሽ ነው ስትደለድል የሰነበትከው? ሦስት ቀን ጸሎቴን አበላሸህብኝ። አንተ ሽንጥ ባልክ ቁጥር አቡነ ዘበሰማያትን ከራሱ እጀምራለሁ።”

የሺ አልጋዋ ላይ ሆና “የኔን ነው አባቴ” አለች።

“የማንን?”

“የኔን ታላቅና ታናሽ። ባለቤቴ ከሦስት ቀን ጀምሮ እየበለቱኝ ነው።”

መምሬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ግን ሳቁን አልደበቀውም። ኋላ እንደሰማሁት፣ ከሰፈሩም ሁለት ሰው “ሰውየው ለፋሲካ ከወዲሁ መደልደል ጀምሯል፣ ሳንቀደም መደብ እንያዝ” ብለው ተማክረው ነበር። መምሬ ሥዕሉን አዩ፣ ነገሩን ሰሙ፣ ፈረዱ። ሥራው የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን በጾም የሥጋ ስም በየአጥሩ አይጮኽም፣ ሌላ ስም ይውጣለት። የሺ ወዲያው የጾም ስም አወጣችለት። ከሰዓት በኋላ “ሽሮውን አጥብቂ፣ ምስሩን ልቀቂ፣ ጎመኑን አንሺ” ማለት ጀመርኩ። የሺ ሁለት እርምጃ ሄደችና ሳቅ ያዛት። ሳቅ ደግሞ ጡንቻ አይመርጥም፤ ሽሮውም ምስሩም ባንድ ጊዜ ላላ። በላዬ ላይ ወደቀች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ፣ እሷ እኔን ተደግፋ፣ ሁለታችንም መነሣት አቅቶን ቆየን። ከነሐሴ ወዲህ እንዲያ ስቃ አላየኋትም፤ ቶሎ ለመነሣት አልታገልኩም።

መምሬ ያን ጧት ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቁም ነገር ነግረውኛል። አሮጌ መቋሚያቸውን ለየሺ ሰጧትና “ማሕሌት ስንቆም እንደ እንጨት ተገትረን አይደለም” አሉ። “ክብደታችንን ከዚህኛው እግር ወደዚያኛው እናሻግራለን። መጀመሪያ መሻገር፣ ኋላ ማንሣት። አንተ ሳታሻግር ነው አንሺ የምትላት።” ዘመም፣ ቀና፣ ዘመም እያሉ አሳዩን። ሐኪሟም ስለ ዳሌ ያለችው ይኼንኑ ነው፤ እሷ በሥዕል፣ እሳቸው በወረብ።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ደህና ነበር። እኔ ግን ያልሞከርኩትን ለሰው አላስተምርም ብዬ በራሴ እግር ልሞክረው ተነሣሁ። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ከቤት ወጥቼ ለእግሬ ማዘዝ ጀመርኩ። አሻግር። ታላቅ ጥበቅ። ታናሽ ላላ። ባት ግፋ። ቀኙ ታዘዘልኝ። ሁለተኛም ታዘዘልኝ። ደስ አለኝ። ገበያው መሐል ስደርስ ቀኙን እያመሰገንኩ ሳለ ግራው ትእዛዝ እየጠበቀ ቆሞ ቀረ። ሰባ ዓመት ማንም ሳያዝዘው የሄደ እግር፣ አንድ ቀን አለቃ ቢመጣበት ሥራውን ተወ። ሽንኩርት ላይ ወደቅሁ።

ባለ ሽንኩርቷ አነሣችኝና “አባቴ፣ ምን ጠፋብዎት?” አለች።

“ግራ እግሬ” አልኳት። የገባኝ እሱ ነዋ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ምች ነው ይላል፣ አንዱ ደም ግፊት፣ አንዱ “በጾም ጠላ አይከለከልም” ይላል። ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሏል፣ ሌላ ምንም የለኝም። ወሬው ግን ወለምታ የለበትም፣ እሱ ደህና ይሄዳል። ከገበያ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ላይ ወጣ። እኔ እያነከስኩ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ደሴ ገብቷል፣ ያውም “ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል” ሆኖ።

“አባዬ፣ አንተም?” አለች ዓለሚቱ በስልክ።

“ኧረ አብሽሪ፣ ደህና ነኝ። ስለ እግሬ ሳስብ ነው የወደቅሁት።”

ይህ መልስ የሚያረጋጋ መስሎኝ ነበር።

“ፋሲካን አልጠብቅም” አለች። “ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እማዬን ይዤ እሄዳለሁ። አንተን ደግሞ ቀስ ብለን እናያለን።”

ቀስ ብለን እናያለን የሚባለው ለአሮጌ ቁም ሣጥን ነው።

ወጌሻው መጥቶ ቁርጭምጭሚቴን አሸልኝ። ሐሙስ ዕለት የሺና እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል፣ ሁለታችንም እግራችንን ዘርግተን። ድመቷ ከየሺ ወገን ተኝታለች። የሺ እየፈተለች ነው።

“ደሴ ትሄጃለሽ?” አልኳት።

“እንጃ። አንቱ እንደፈቀዳችሁ ብላችኋል አሉ።”

“ብያለሁ።”

“ታዲያ ፈቀዳችሁ?”

ከብት ገዝቼ ሸጬ፣ ሽማግሌ ሆኜ ስንቱን አስታርቄ፣ እንደዚያ ቀን ቃል አጥቼ አላውቅም። እንዝርቱ ሲዞር እሰማለሁ።

“አልፈቀድኩም” አልኩ።

“ለማን ነገራችሁ?”

“ለማንም።”

እንዝርቷን አስቀመጠች። “እንግዲያ ተነሡ” አለች። “ግን ከፊቴ አትቁሙ።”

“ለምን? ሐኪሟ እኮ እጃቸውን ይዘው ብላለች።”

“ከፊቴ ሆናችሁ ስትስቡኝ መንገዱን አላየውም። የማየው ፊታችሁን ነው። አፋችሁ ታላቁን አጥብቂ ይላል፣ ፊታችሁ ግን ልትወድቅ ነው፣ ልትወድቅ ነው ይላል። ማንን ልመን?”

ፊቴ ይናገራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከጎኗ ቆምኩ፣ በታመመው እግሯ በኩል። በዚያኛው እጇ መቋሚያውን ያዘች። ምንም አላልኩም። ዘመም አለች፣ ግራው ቀደመ፣ ክብደቷ ተሻገረ፣ ቀኙ ተነሣ፣ ጉልበቱ ታጠፈ። ወረደ። እኔም አብሬ አነከስኩ። ከተጋባን ጀምሮ እርምጃዬ ከሷ እርምጃ ሳይበልጥ የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ወለምታው ነው ልክ ያስገባኝ። አራተኛው ላይ ትደርቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አምስተኛውን ሄደች። በሩን ወጣን፣ ግቢውን አቋረጥን፣ አጥሩ ጋ ደረስን።

በጎን በኩል አየኋት። ግራዋን ነው የምታስቀድመው። አንገቷን ትንሽ ታዘነብላለች፣ ወሬ እንደሚሰማ ሰው። እግሯ መሬት ሳይነካ ደግሞ አውራ ጣቷ ብድግ ትላለች፣ ቤት ለእንግዳ ማለት እንደምትፈልግ። ይህ ሁሉ ከኋላዬ ሲሆን ኖሯል።

“ምን ታያላችሁ?” አለች።

“መንገዱን” አልኳት።

ዓርብም እንዲሁ ሄድን፣ ሁለት ጊዜ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ዓለሚቱ ወረደች። ከኋላው የሚታጠፍ ባለ ጎማ ወንበር አስጭናለች፤ ባለ ባጃጁ እሱን እየፈታ ነው። እኔና የሺ ከቤት ወጥተን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ በዚያው በወረብ አካሄዳችን ወደ በሩ መጣን። ልጄ ባለችበት ቆማ ቀረች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከአፏ የወጣው ሌላ ነው።

“አባዬ፣ ለምንድነው ከጎኗ የምትሄደው?” አለች። የገረማት የእናቷ መራመድ ሳይሆን የኔ አለመቅደም ነው።

ከዚያማ አለቀሰች፣ እናቷን አቀፈች፣ እናቷን ለቃ እኔን አቀፈች፣ ወንበሩን ረገመች። ባለ ባጃጁ ፈትቶ የጨረሰውን መልሶ ማሰር ይጀምር አይጀምር ግራ ገብቶት እኛን ያያል። ዓለሚቱ ዓይኗን ጠረገችና ሰው እንደሚያደርገው ወደ ጉዳይዋ ተመለሰች።

“እማዬ፣ መራመዱማ ተራመድሽ፣ ተመስገን። ግን ገና አልጸናሽም። ለጥቂት ወር ብቻ እኔ ጋ ነይ። ደስ ይልሻል።”

የሺ መቋሚያዋን አስተካከለች፣ ክብደቷን ከግራ ወደ ቀኝ አሻገረች። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ሂጂም አትሂጂም አላልኩም፤ ይህን አንደበቴን ማን እንዳጠበቀው እንጃ፣ የሚያላላው ጠፋ።

“እኔስ በመጣሁ ነበር ልጄ” አለች። “ግን እሳቸውን ማን ያራምዳቸዋል?”

ዓለሚቱ ዞራ እግሬን አየች። እውነቱን ለናንተ ልንገራችሁ፣ ወለምታው ከዓርብ ማታ ጀምሮ ለቆኛል። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ከሐሙሱ አብልጬ አነከስኩ።